የጣዕም ዳኝነት፦ የሲጋርን ቅምሻ መነሻ ያደረገ ሕዝባዊ ገለጻ



የዚህ ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ደርሶኛል። አንዳንዶች የፍልስፍና መምህር ስለ ትምባሆ ምን የሚለው አለ ብለው ጠይቀዋል። ሌሎች ደግሞ ሲጋሩ በአዳራሹ ይታደል እንደሆነ ለማወቅ ፈልገዋል። ለሁለተኞቹ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 እንዲህ ባለው ስፍራ ማጨስን ስለሚከለክል ዛሬ እዚህ የሚጤስ ነገር የለም። ለመጀመሪያዎቹ መልስ የሚሆነው ግን ገለጻው ራሱ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው፤ አንድን ነገር ቀምሰን «ጥሩ ነው» ስንል የምንናገረው ስለ ነገሩ ነው ወይስ ስለ ራሳችን? አማርኛ ሁለቱን አጥርቶ ይለያቸዋል። «ጣመኝ» ስንል በግሱ ጫፍ የተቀመጠችው «ኝ» ነገሩን ወደ ተናጋሪው ትመልሰዋለች። «ጣመኝ» ላለ ሰው «የለም፣ አልጣመህም» ብሎ የሚከራከር የለም። «ጥሩ ነው» ላለ ሰው ግን «እንዴት? በምን ምክንያት?» ማለት ይቻላል፤ እሱም መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው፣ ስለ ዳኝነት ኃይል በሚመረምረው ሦስተኛው ታላቅ የሂስ መጽሐፉ፣ የካናሪ ደሴቶችን ወይን ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ ነገር ያነሣል። ወይኑ ደስ ያሰኛል የሚል ሰው «እኔን ደስ ያሰኘኛል» ብሎ እንዲያርም ቢነገረው ቅር አይለውም ይላል። በእኛ ቋንቋ ይህ እርማት አያስፈልግም፤ «ኝ» ቀድማ ሠርታዋለች። ካንት ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ምላስና አፍንጫ ለሁሉም የሚሆን ፍርድ መስጠት አይችሉም የሚል ነው። ለውበት እንደሚከፍተው ያለ የክርክር በር ለጣዕም አልከፈተም። እኔ ዛሬ የምከራከረው ይህ በር ያለጊዜው ተዘግቷል ብዬ ነው፤ ማስረጃዬም በሁለት ቅዳሜ ምሽቶች ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ያደረግሁት ቅምሻ ነው።

ጓደኛዬ በሙያው የቡና ቀማሽ ነው። በደርግ ዘመን ኩባ ውስጥ «የወጣቶች ደሴት» ወደሚባለው ስፍራ ለትምህርት ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበር። እዚያ ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቀን ብርቱካንና ግሬፕ ፍሩት ሲለቅሙ ይውሉ እንደነበር ደጋግሞ ያጫውተኛል። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ይናገራል። በቅርቡ ከቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ኩባን ዳግም አይቶ ሲመለስ አንድ ሣጥን ሲጋር ይዞ መጣ። በዚሁ ሰሞን ሌላ ዘመዱ ደግሞ በኒካራጓ የተጠቀለሉ ጥቂት ሲጋሮች አምጥቶለት ነበር። የምሽቶቹ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ዕቃው ትንሽ ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ ሲጋርን የምታውቁት በፊልም ይመስለኛል። በእኛ አገር ትምባሆ በጋያ ሲጤስ፣ በሱረት ሲሳብ የኖረ ነገር ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥብቅ እንደከለከሉትም ይታወቃል። ሲጋር ግን ለእኛ እንግዳ ነው፤ ስሙ እንኳን ከሲጋራ በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለይ ሁለቱ ይምታታሉ። ሲጋራ የተከተፈ ትምባሆ በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። በእጅ የተሠራ ጥሩ ሲጋር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅጠል ብቻ ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ ጣዕሙን በአብዛኛው የሚሰጡት፣ ርዝመታቸውን እንደያዙ የተጣጠፉት የውስጥ ቅጠሎች፤ እነሱን ጠፍንጎ የሚይዘው ማሰሪያ ቅጠል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቀለለው ስስና ለስላሳ ልባስ። በኩባ ለልባስ የሚሆነው ተክል ብዙውን ጊዜ የሚያድገው በስስ ጨርቅ ጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው ቅጠል ይወፍራል፣ ይሻክራል።

የውስጥ ቅጠሎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከተክሉ አናት የሚለቀመው ቅጠል ወፍራም፣ ኃይለኛና ቀስ ብሎ የሚነድ ነው፤ ኩባውያን ሊጌሮ ይሉታል። ከመካከል የሚለቀመው ሴኮ በመዓዛው ይፈለጋል፤ ከሥር የሚለቀመው ቮላዶ ጣዕሙ ለዘብ ያለ ሆኖ እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል። ጠቅላዩ ሊጌሮን መሐል ለመሐል ያደርገዋል፤ ወደ ዳር ከሸሸ ሲጋሩ በአንድ ወገን እየቀደመ በሌላው እየዘገየ ይነዳል። ቅጠሎቹ ከመጠቅለላቸው በፊት እርጥበታቸውን እንደያዙ ተከምረው ይብላላሉ። ክምሩ ከውስጡ ይሞቃል፤ አፍንጫ የሚቆነጥጠው አሞኒያ እየተነነ ይወጣል፤ ሠራተኞችም ሙቀቱ ከልክ እንዳያልፍ እየገለበጡ ደጋግመው ይከምሩታል። ጠላ ወይም ጠጅ ሲጠነሰስ አጠገብ የነበረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ጥሬው የሚበስለው ያለ እሳት ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ከእ.ኤ.አ. 1865 ጀምሮ በሃቫና የሲጋር ፋብሪካዎች ውስጥ ጠቅላዮቹ በሥራ ላይ ሳሉ ጋዜጣና ልብ ወለድ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሰው ነበር፤ ዛሬም አለ። በጥንቱ ጊዜ ደመወዙን የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው ሞንቴክሪስቶ የተባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፍ አንባቢ የሚቀጥር ፋብሪካ በሌላ ቦታ ስለመኖሩ የምታውቁ ካላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ቅምሻው ልመለስ። ጓደኛዬ ለቡና የሚሠራበትን ሥርዓት ነው ለሲጋሩ ያዋለው። የቡና ቀማሾች ናሙናው ከየት እንደመጣ አይነገራቸውም፤ የሚያዩት ቁጥር ብቻ ነው። ከአንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይቀዳል፤ አንዱ ስኒ ከሌሎቹ ከተለየ የዕጣው ጉድለት በዚያ ይታወቃል። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል። አስተያየቱ ከመጻፉ በፊት ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም። እኛም ባለቤቱን አስቸግረን የሲጋሮቹን የወረቀት ቀለበት እንዲያወልቁልን፣ በምትኩ አንዱን ወገን በቀይ፣ ሌላውን በነጭ ክር እንዲያስሩልን ለመንናቸው። ሁለቱም ወገን ተመሳሳይ መጠን ነበራቸው፤ ውፍረታቸው ሃያ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመታቸው ከአንድ ስንዝር የሚያንስ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀዩን፣ በሁለተኛው ነጩን በግቢያቸው ጥግ፣ ከቤት ራቅ ብለን ተቀምጠን ቀመስን። ሁለቱን በአንድ ምሽት ማድረግ ምላስን ያደነዝዛል።

መጠጡም ሥርዓት ነበረው። ጓደኛዬ ከኩባ ያመጣው ሩም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ነገር ግን የሲጋሩ ሁለት ሦስተኛ እስኪያልቅና ወረቀታችን ላይ የጻፍነው እስኪነጻጸር ድረስ ክዳኑ አልተከፈተም። እስከዚያ የነበረው ለብ ያለ ውሃ ብቻ ነው። ሩም ከሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ የሚወጣ አረቄ ነው፤ በበርሜል ውስጥ ያረጀው ዓይነት የጣፋጭነት ስሜት ስላለው የትምባሆውን ምሬት ያለሰልሳል፣ ደካማውን ሲጋር ደህና ያስመስላል። ለጨዋታ የሚሆነው ለፍርድ አይሆንም፤ ዳኛ ጠጥቶ ችሎት አይቀመጥም። ቡናም ያለ ስኳር ቀርቦ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን ቡና ሲያይ ሥራ ላይ ያለ ስለሚመስለው ቶሎ አስነሣው።

ለኮሰን። ይህም ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። የሲጋሩ ቆብ ከመስመሩ በላይ በስለት ይቆረጣል፤ ከዚያ በታች የተቆረጠ እንደሆነ ልባሱ ይተረተራል። የቤንዚን ሽታ ያለው መለኰሻ አይሆንም። ጫፉ ከነበልባሉ ከፍ ብሎ እየተሽከረከረ እስኪጠቁር ይጠበሳል፤ መሳቡ ከዚያ በኋላ ነው። በደቂቃ አንድ ጊዜ ገደማ መሳብ ይበቃል። የቸኮለ ሰው ሲጋሩን ያግለዋል፤ የጋለ ሲጋር ሁሉ መራራ ስለሚሆን ቀማሹ ሲጋሩን ሳይሆን ችኮላውን ቀመሰ ማለት ነው። ጭሱ ወደ ሳንባ አይገባም። አፍ ውስጥ ይቆይና ይወጣል፤ ጥቂቱ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ እንዲያልፍ ይደረጋል። ጣዕም የምንለው ነገር በአብዛኛው የሚለየው እዚያ ነው። ምላስ የሚያውቀው ጣፋጭ፣ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ መራራና የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕምን ነው፤ የቀረው ሁሉ ከአፍ ወደ አፍንጫ በሚወጣው ትንፋሽ የሚታወቅ ሽታ ነው። አፍንጫው በጉንፋን የተዘጋ ሰው ዶሮ ወጥና ምስር ወጥ የሚምታታበት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች ያለ ክርክር አለፉ። በቀዩ ክር የታሰረው የእኔ ሲጋር በቀላሉ ይሳባል፤ የእሱ ግን ጠቦ ጉንጭ ያስጎደጉድ ነበር። አንድ ሣጥን፣ ሁለት ሲጋር፤ በእጅ የተሠራ ነገር ይህ ያጋጥመዋል። ነጩ በሁለታችንም እጅ ቀጥ ብሎ ነደደ፤ አመዱም ግራጫ ሆኖ ሁለት ጣት ያህል ሳይረግፍ ቆመ። ረጅም አመድ በራሱ ጌጥ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ቅጠል ሳይከተፍ በሙሉ ርዝመቱ እንደተኛ ይመሰክራል። በእነዚህ ነገሮች ካንትም የሚከራከረን አይመስለኝም፤ ዓይን የሚያያቸው ናቸው።

ወሬው የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። ቀዩን ስንቀምስ በእሱ ወረቀት ላይ «ሴድሮ» የሚል የስፓኒሽ ቃል ተጽፏል። በእኔ ወረቀት ላይ «አዲስ የተቀረጸ እርሳስ» ይላል። ለጊዜው የማይገናኙ መሰለን። ሴድሮ የሲጋር ሣጥን የሚሠራበት፣ መዓዛ ያለው እንጨት ነው፤ ዝግባም ጽድም አይደለም። እርሳስም አንዳንድ ጊዜ የሚሠራው መዓዛው ለዚህ ከሚቀርብ እንጨት ነው። ጓደኛዬ ባዶውን ሣጥን አምጥቶ አፍንጫዬ ላይ ደገነው፤ እኔም ከቦርሳዬ እርሳስ አውጥቼ ቀርጬ ሰጠሁት። ሁለታችንም ዝም ብለን አሸተትን። «ይኸው ነው» አለ። በዚህ ቅጽበት የሆነውን አስተውሉልኝ። እሱ የእኔን ስሜት አልገባበትም፤ እኔም የእሱን። ሁለታችን ጣታችንን የቀሰርነው አንድ ነገር ላይ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከዚህ ይከብዳል። ሲጋሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ እኔ የጻፍሁት «መራራ» ብቻ ነበር። እሱ የጻፈው «ጌሾ» ነው። እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «አሁን ሳብና ጭሱን አስወጣ፤ ወዲያው አትፈልገው። ቆይተህ፣ አፍህ ባዶ ሲሆን፣ ከምላስህ ሥር ይመጣልሃል። የተቃጠለ ነገር ምሬት ቀድሞ መጥቶ አፍ ያደርቃል፤ ይህ ግን ኋላ መጥቶ ምራቅ ይጠራል።» እንዳለኝ አደረግሁ፤ እንዳለውም ሆነ። ከዚያ በኋላ «መራራ» የሚለው ቃሌ እንደ ጆንያ ሆኖ ታየኝ፤ ሁሉን ይይዛል፣ ምንም አይለይም።

አንድ ጥርጣሬ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። ጌሾውን ያገኘሁት ስላለ ነው ወይስ ስለተነገረኝ? ቃል ስሜትን እንደሚመራ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት አለ። በቦርዶ ለሚማሩ 54 የወይን ጠጅ ሳይንስ ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው፤ ተማሪዎቹም ሽታውን ለቀይ ወይን በተለመዱት ቃላት ገለጹት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዱን ወይን በ5 ዶላርና በ45 ዶላር ዋጋ እየሰየመ ለሰዎች አቀረበ። ሰዎቹ ውድ የተባለውን የበለጠ እንደወደዱት መናገራቸው ብቻ አይደለም፤ ደስታን ከመመዘን ጋር የተያያዘው የአንጎላቸው ክፍልም የበለጠ ሲሠራ ታየ። እነዚህን ጥናቶች ይዘው «ቅምሻ ሁሉ ማስመሰል ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ዓይንና ዋጋ ፍርድን እንደሚያዛቡ ነው፤ ሊዛባ የሚችለው ደግሞ ቀና ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ሚዛን ይጭበረበራል ተብሎ ክብደት የለም አይባልም። ቀለበቶቹን ማውለቃችንም ለዚሁ ነው፤ የታወቀ ስም የተጻፈበት ቀለበት ጣት ላይ ሳይሆን አፍንጫ ላይ የሚታሰር ነው።

ጌሾውን በሚመለከት የምሰጠው መልስ ሌላ ነው። ጓደኛዬ ስም ብቻ አልነገረኝም፤ መቼ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚሰማኝ፣ በምን እንደሚለይ ነገረኝ። እነዚህ ሁሉ ሊሳሳቱ የሚችሉ ትንቢቶች ነበሩ። ከዚህም በላይ ያው ጓደኛዬ በዚያው ምሽት «ኮረሪማም አለበት» ብሎኛል። ፈለግሁ። ሦስት ጊዜ ሳብሁ፤ በአፍንጫዬም አሳለፍሁት። ኮረሪማ አላገኘሁም፤ «የለም» አልሁት። እሱም ተመልሶ ፈልጎ «አለ» አለ። ቃል የሚያሳስተኝ ቢሆን ኖሮ ኮረሪማውንም ባገኘሁት ነበር። እምቢ ማለት በሚቻልበት ቦታ የተሰጠ እሺታ ክብደት አለው።

ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ድርሰቱ ከዶን ኪኾቴ መጽሐፍ አንድ ታሪክ ይወስዳል። ሁለት የሳንቾ ፓንሳ ዘመዶች የአንድ በርሜል ወይን እንዲቀምሱ ተጠሩ። አንዱ ጥሩ ነው፣ ግን ጥቂት የቆዳ ጣዕም አለበት አለ፤ ሌላው ጥሩ ነው፣ ግን የብረት ጣዕም አለበት አለ። ሰው ሳቀባቸው። በርሜሉ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ጠፍር የታሰረበት ቁልፍ ተገኘ። ታሪኩን ለተማሪዎቼ ባስተማርሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ ቁልፉ እጅግ ምቹ ነው። በሕይወት ውስጥ ከበርሜሉ ሥር ቁልፍ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሲጋር ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ማስረጃው እየተመረመረ ይነዳል፣ በመጨረሻ የሚቀረው አመድ ነው። ታዲያ በቁልፉ ፋንታ ምን አለን? ከዚያው ሣጥን የወጣ ሌላ ሲጋር አለን፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ አፍ ሊፈተን ይችላል። አምስቱ የቡና ስኒዎች ለዚህ ናቸው። በተረፈ ያለን ቃላችን ነው፤ ሌላው ሰው ተመልሶ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር የሚያመለክት ቃል።

ስለ ቃል ካነሣሁ ዘንድ፦ በአማርኛ የሽታ ቃላት አናሳ አይደለንም። ነገር ግን አብዛኞቹ ከመግለጽ ይልቅ ይፈርዳሉ። መዓዛ ያመሰግናል፤ ክርፋት፣ ግማትና ጥንባት ይኮንናሉ፤ ሽታ ራሱ፣ ገለልተኛ መሆን ሲገባው፣ «ይሸታል» ሲባል ወቀሳ ይሆናል። በማሌይ ባሕረ ገብ መሬት ጫካ የሚኖሩ ጃሃይ የተባሉ ሕዝቦች ሽታን ልክ እንደ ቀለም ስም በሚጠሩ ቃላት በቀላሉ እንደሚገልጹ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እኛ ግን፣ እንደ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁሉ፣ ሽታውን ከመነሻው ጋር አያይዘን ነው የምንጠራው። ስለዚህ የትኛውን መነሻ እንደምንጠራ ማሰብ ይኖርብናል። ስለ ሲጋር የሚጻፉ መጽሔቶችን ያያችሁ እንደሆነ «ኮኮዋ፣ ኦክ፣ ለውዝ ቅቤ» ይላሉ። ኦክ አሽትቶ የማያውቅ ሰው እነዚህን ቢደግም ሌላው ሰው የሚያገኘውን ነገር አላመለከተም፤ ያመለከተው መጽሔቱን ነው። እኛ በነጩ ሲጋር ላይ ሳንነጋገር የጻፍነው አንድ ቃል ነበር፤ ሁለታችንም «በወይራ የታጠነ ቅል» ብለናል። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ሲታጠን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያገኘዋል። በኤስቴሊ ወይም በሃቫና ያለ ቀማሽ ይህን ቃል ባይረዳው ቅል እንላክለታለን፤ እነሱም ኦኩን ይላኩልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ማብቂያ ላይ፣ ሩሙ ከተቀዳ በኋላ ግን ክሮቹ የማን እንደሆኑ ከመነገሩ በፊት፣ ጓደኛዬ ፍርዱን ሰጠ። ከ100 ነጥብ ለነጩ 91፣ ለቀዩ 87 ሰጥቶ ነበር። እንዲህም አለ፦ «ነጩ ይበልጣል። የጣመኝ ግን ቀዩ ነው።»

ባለቤቱ ቀለበቶቹን አምጥተው ሲያሳዩን ቀዩ የኩባው ነበር።

ይህ ሰው የልጅነቱን አገር ሽታ በአፉ ይዞ፣ ያ ሽታ እንደጣመው እያወቀ፣ ለሌላው ብልጫ ሰጠ። ቀዩ የሳበው ለምን እንደሆነ ቀለበቱን ካየ በኋላ ብዙ ነገረኝ፤ የግሉ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም። ፍርዱን ግን አልለወጠም። ነጩ አሳሳቡ የተስተካከለ፣ አነዳዱ ቀጥ ያለ፣ ጣዕሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይደበዝዝ የተለወጠ መሆኑን ደግሞ ዘረዘረ። «ኝ»ን ከ«ነው» ለይቶ የያዘ ሰው አየሁ። ካንት እንዳለው ምላስ የሚያውቀው «ኝ»ን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ዓረፍተ ነገር ትርጉም አልባ ይሆን ነበር። ሁላችንም ግን ወዲያው ገባን።

የነገሩ ክብደት በሲጋር ላይ አይደለም። ጓደኛዬ በግሉ የሐረር ቡና ይወዳል። በሥራው ግን የታጠበ ይርጋጨፌ ሲቀርብለት የሚጠየቀው የሚወደውን አይደለም። በዓለም አቀፉ ሥርዓት 80 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ጣዕም ያለው ተብሎ ይመደባል፤ 79 ያገኘው ከዚያ በር ውጭ ይቀራል። በአንዲት ነጥብ ላይ ገበሬው ዓመት ሙሉ የለፋበት ዋጋ ይንጠለጠላል። የቀማሹ ፍርድ «ጣመኝ» ብቻ ነው ብንል ለዚያ ገበሬ የምንለው ዕጣህ በአንድ ሰው አምሮት ተወሰነ ነው። እኛ መምህራንስ የመመረቂያ ጽሑፍ ስናርም ምን እያደረግን ነው? ያልወደድሁትን ጽሑፍ በጣም ጥሩ ብዬ አሳልፌ አውቃለሁ፤ የወደድሁትንም መልሼ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሲገረሙ እኔ በመገረማቸው እገረማለሁ።

ስለ ጉዳቱ ሳልናገር ብወርድ የሕክምና ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል። ሲጋር የሚያጨስ ሰው «ወደ ውስጥ አልስበውም» ይላል። ይህ መከላከያ አይደለም። የሲጋር ጭስ ባሕርይው አልካላይን ስለሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። ጓደኛዬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። በሁለቱ ቅዳሜዎች መካከል የጥርስ ሐኪሙ የአፉን ውስጥ አይቶ ይህን ነገር ተው ብሎት ነበር፤ ለእኔ የነገረኝ ነጩን ጨርሰን ከተነሣን በኋላ ነው። ምላሱ እንጀራው ነው፤ ወሰነ። «ታዲያ ዛሬ ለምን?» ስለው «የጀመርሁትን ፍርድ ሳልጨርስ?» አለኝ። መልሱን አልወደድሁለትም፤ ነግሬዋለሁም።

ውሳኔው ግን ለጥያቄያችን አንድ ነገር ይጨምራል። ካንት የውበት ፍርድ ከፍላጎት ነጻ መሆን አለበት ይላል፤ ምላስን ከችሎት ያስወጣውም ምላስ ሁልጊዜ ይመኛል ብሎ ነው። ጓደኛዬ ዳግመኛ ላያጨሰው የቆረጠውን ነገር 91 ሰጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ ደውዬ ነጥቡን ይለውጥ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ለምን እለውጣለሁ? እኔ እኮ ነኝ የተውሁት፤ ሲጋሩ ምን አደረገ?» አለ።

በሣጥኑ የቀሩት ሲጋሮች ለማን እንደተሰጡ አልጠየቅሁም። ሣጥኑን አስቀርቶታል፤ የቡና ናሙና ግን አያስቀምጥበትም፣ ሽታው ይጋባልና። የኮረሪማው ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተፈታም። እሱ አለ እንዳለ ነው፣ እኔም የለም እንዳልሁ ነኝ፤ ሦስተኛ ቀማሽ ደግሞ አልነበረንም።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከወደ ኋላ ያላችሁት ቅድሚያ ይሰጣችኋል።